ከሮብ ገበያ ደብረ ማርቆስ፦ የሐያትን ሂጃብ ለማየት

ንጋት፣ ሮብ ገበያ

ገና ጎህ ሲቀድ ከቤቴ ወጣሁ። ከጮቄ የሚወርደው ብርድ ጋቢ አልፎ ይገባል። የገብሱ ማሳ ላይ ውርጭ ተነጥፏል። ለማያውቀኝ አንባቢ ልናገር፤ በዚህ ወረዳ ኮት የሚሰፋ ሰው ከተባለ እኔ ተገኘ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። አንድ ያገለገለ የስፌት መኪና ገዛሁ፣ ብሎኑን ሁሉ ፈታሁ፣ መልሼ ገጠምኩ፤ ሙያውም በዚያው እጄ ገባ። ሙሽራም ዳኛም አልብሻለሁ።

አሁን ግን ወሬው ሁሉ ሐያት ሆኗል። ሐያት ደብረ ማርቆስ ላይ ሂጃብ የምትሰፋ ወጣት ናት። ዛሬ ከሰዓት ሥራዋን በአዳራሽ ታሳያለች። የምሄደው ሲበላሽባት ለማየት ነው፤ አልዋሽም።

ሚኒባስ ውስጥ

ሾፌሩ ደሱ ይባላል። የለበሰው ሱሪ የእኔ ስፌት ነው።

"ጋሽ ተገኘ፣ በዚህ ብርድ ወዴት ነው?"

"የሐያትን ሥራ ልገመግም።"

"ማን ገምግሙ አለዎት?"

"ዕውቀቴ።"

ከኋላዬ የተቀመጠች አስተማሪ ሳቀች። እሸት ገብስ የሚመስል አረንጓዴ ሂጃብ አድርጋለች። ዞሬ ጠርዙን አየሁት። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ይኼ አናደደኝ።

"የሐያት ነው?"

"አዎ አባባ። ድሮ ከነጋዴ ጥቁር ወይ ነጭ ገዝተን ነበር የምንለብሰው። አሁን ለሥራ ሌላ፣ ለሠርግ ሌላ፣ ለኢድ ሌላ አለን። ባሕር ዳር ያሉ እህቶቼም በስልክ ያዝዟታል።"

እኔን በስልክ ያዘዘኝ ሰው የለም። ፊቴን ወደ መስኮቱ መለስኩ። ባሕር ዛፍ፣ የድንች ጆንያ የጫኑ አህዮች፣ ኮረኮንች፣ አቧራ።

ረፋድ፣ ደብረ ማርቆስ

ሻይ በዳቦ ቀምሼ ሱቋን ጠየቅሁ፤ ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። መደርደሪያው ሐምራዊ፣ ቡናማ፣ የሽንኩርት ልጣጭ ቀለም ነው። ለአንዱ መሸፈኛ የምትጠይቀው እኔ ለሙሉ ሱሪ የምጠይቀውን ነው።

"ይግቡ አባባ፣ ይቀመጡ" አለችኝ ሐያት።

ለትርኢቱ ያዘጋጀቻቸው ከፈትል የተሠሩ ሂጃቦች ተሰቅለዋል፤ ሁሉም ባለ ጥለት ናቸው። ጥለቱን የሰፋችው ፊት በሚከበብበት በኩል ነው። ሳየው ልቤ በደስታ ዘለለ።

"ልጄ፣ ሰው ሞቶብሻል?"

"ኧረ የለም። ምነው?"

"እዚህ አገር ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ነጠላዋን የምታዘቀዝቅ ኀዘንተኛ ናት። አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጡት እናቶች ለቅሶ የተጠሩ ነው የሚመስላቸው።"

ፊቷ ተለወጠ። ያደገችው ጅማ ነው፤ እዚህ የመጣችው አባቷ በሥራ ሲዛወር ነው። ጥለቱ እንዲታይላት ብላ ነበር ወደ ፊት ያደረገችው።

"በቃ፣ አላሳይም" አለች መቀሷን አስቀምጣ። "ይህን ሁሉ ከትርኢቱ በፊት ፈትቶ ከጀርባ የሚመልስ ሰው የለም።"

የመጣሁት ይህንኑ ለመስማት ነበር። ነገር ግን የመጨረሻው ንግግሯ አቃጠለኝ።

"የለም ያለሽ ማነው? ተነሽ ከመኪናው።"

እሷ ፈታች፣ እኔ ሰፋሁ። ምሳ አልበላሁም።

ከሰዓት፣ አዳራሹ

ለማሳየት የተመረጡት ተማሪዎች ሂጃቡን አድርገው ሲወጡ ጥለቱ ከጀርባቸው እየተወዛወዘ ይወርዳል። ነጠላ የለበሱ እናቶች ብድግ ብለው አጨበጨቡ፤ ከፊቴ የነበረችው ሴትዮ እልል አለች። ሐያት ድምፅ ማጉያውን ይዛ "ዛሬ የረዱኝን አንድ አባት አመሰግናለሁ" አለች። አንድ አባት። ስሜን እስክትጠይቀኝ ስጠብቅ ነበር የዋልኩት፤ እሷ አልጠየቀችም፣ እኔም አልነገርኳት። ስወጣ በር ላይ ደርሳብኝ ከሂጃቦቹ አንዱን አጣጥፋ ሰጠችኝ፤ "ለእማማ" አለች።

ምሽት፣ ቤቴ

ባለቤቴ ያለምወርቅ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችውና ጥለቱን እያገላበጠች በመብራቱ አየችው።

"የዚች ልጅ እጅ ይባረክ። አንተ በዕድሜህ እንዲህ ሰፍተህ አታውቅም።"

"እሱን የሰፋሁት እኔ ነኝ።"

"ተወኝ እስቲ" አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ትታው የሄደችውን አነሳሁና ስፌቱን በጣቴ ዳሰስኩት። እውነትም ያምራል። በገዛ ስፌቴ ቀናሁ።