የባንቺአየሁ አደራ በሐይቁ ማዶ

ጁማ ደጁ ላይ ተቀምጦ መረብ ሲጠግን ባየሁ ቁጥር ያ ኅዳር ይመጣብኛል። ጁማ ያኔ የሰፈራችን ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ዝምተኛ፣ ልጅ ያልወለደ፣ ከታንኳው በቀር ይህ ነው የሚባል ሀብት ያልነበረው ሰው።

ጥቅምት 2014 ሊያልቅ ሲል የመድፉ ድምፅ ከውጫሌ በኩል እየቀረበ መጣ። ቤትና በሽተኛ ጥለው መሄድ ያልቻሉ ወላጆች ልጆቻቸውን የት እንደሚያደርሱ ጨነቃቸው።

"ጦርነት በአስፋልት ነው የሚመጣ፤ ከሐይቁ ማዶ አስፋልት የለም" አለ ጁማ። እኔን ጨምሮ ሰባት ልጆች በታንኳው አሻግሮ እህቱ ራዚያ ቤት ሊያኖረን ተስማማ።

ጎረቤታችን ባንቺአየሁ አልጋ የያዘች እናቷን ትታ መሻገር አልቻለችም። ገና ጾም ያልጀመረች የስድስት ዓመት ልጇን ፋናዬን ታንኳው ላይ አስቀምጣ የአንገቷን ማተብ ጠበቅ አደረገችላት። ከሰባታችን ክርስቲያን እሷ ብቻ ነበረች።

"አደራ ጁማዬ፣ የምግቧን ነገር።"

"እንደሰጠሽኝ ትረከቢያታለሽ፣ ኢንሻአላህ።"

ራዚያ እንግዶቿን ላክብር ብላ በማግስቱ ፍየል አሳረደች። በቢስሚላህ የታረደ ሥጋ ደግሞ ለፋናዬ አይሆንም። እኛ ትሪውን ከበን ስንበላ እሷ ጥግ ይዛ ደረቅ ቂጣ ታኝካለች፤ ዓይኗ ግን እኛ ዘንድ ነው። ጁማ የጎረሰውን እንደምንም ውጦ እጁን ሰበሰበ።

"ምነው፣ መነኮስክ እንዴ?" አለችው ራዚያ።

"ልጅቱ ብቻዋን ስታኝክ አልወርድልህ አለኝ።"

ዓሣን ማንም ባርኮ አያርደውም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ትሪ ይበላዋል። ስለዚህ ጁማ፣ ውሃው ላይ የታየ ሁሉ ይተኮስበታል እየተባለ፣ ጎሕ ሲቀድ ታንኳውን መግፋት ጀመረ። እኛ በውሃው ዳር በበቀለው ደንገል ውስጥ ተቀምጠን እስኪመለስ እንጠብቃለን። ታንኳው ብቅ ሲል ራዚያ "አልሐምዱሊላህ" ትልና ወዲያው በሕይወትህ ትቀልዳለህ እያለች ትሰድበዋለች። ከዚያ በኋላ ጥግ ይዞ የበላ ልጅ አልነበረም።

አንድ ቀን መረቡ አምባዛ ብቻ ይዞ ወጣ። ቅርፊት የሌለው ዓሣ ባንቺአየሁ ቤት አይገባም። ጁማ አንድ በአንድ መልሶ ውሃ ውስጥ ሲለቃቸው ፋናዬ እጅጌውን ያዘችው።

"እኔ እበላዋለሁ። ለእማዬ አልናገርም።"

"አንቺ ባትናገሪ እኔ እነግርብሻለሁ" አላት። የዚያን ቀን ሁላችንም የማሽላ እሸት ጠብሰን በላን። እንደዚያ የጣፈጠኝ እሸት እስካሁን አላገኘሁም።

ኅዳር ማለቂያ ላይ መንገዱ ሲከፈት ጁማ መልሶ አሻገረን። ባንቺአየሁ ጥቁር ለብሳ ዳር ላይ ቆማ ነበር፤ እናቷ ዐርፋለች። ልጇን አቅፋ ማተቧን ዳሰሰች፤ ፀጉሯን አሸተተች።

"ምን አበላሃት?"

"ዓሣ።"

"ሌላስ?"

"ዓሣ።"

"እማዬ፣ ዓሣ ሁለተኛ እንዳታሳይኝ" አለች ፋናዬ። ባንቺአየሁ እያለቀሰች ሳቀች።

ጁማ አሁን ጉልበቱ ደክሞ ታንኳውን ሸጧል፤ መረብ ለሌሎች ይጠግናል። በየፋሲካው ፋናዬ እግሩ የታሰረ ዶሮ ታቅፋ ወደ ደጁ ትመጣለች። ባንቺአየሁ አርዳ ሠርታ አትልክለትም፤ በእጁ አርዶ እንዲበላው ከነሕይወቱ ነው የምትልከው።

"ዘንድሮም አልታረደም?" ይላል ጁማ።

"የአንተም የምግብህ ነገር አደራ አለብኝ ብላሃለች።"

ዶሮውን ተቀብሎ ፋናዬን ከጎኑ ያስቀምጣታል፤ ሁለቱም ወደ ማዶ ያያሉ።