ከብርድ ልብስ ሥር የደበቅኩት ሣጥን

የሰው አያትና ቅድመ አያት አጥብቆ የሚጠይቅ እንግዳ መሬት ፈላጊ ነው። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ በዓይኔ ያየሁት ነው። ወሎ፣ ልጅ ሳለሁ፣ አንድ የማናውቀው ሰው ቤታችን መጥቶ ሦስት ቀን ተቀመጠ። ገንፏችንን እየበላ አባቴን "አያትህ ማን ነበሩ? የእሳቸውስ አባት? የት ተቀበሩ?" ይለዋል። አባቴ ዘሩን ሲጠይቁት ደስ ይለው ነበርና እስከ ሰባት ቆጠረለት። ሰውዬው በዓመቱ ያንኑ ቆጠራ ይዞ ዳኛ ፊት ቆመ። "እኔም ከሦስተኛው አያት እወለዳለሁ፣ ርስቱ ይድረሰኝ" ብሎ ከወንዙ በላይ ያለውን ማሳ ወሰደው። አባቴ ከዚያ ወዲያ ለእንግዳ የራሱን ስም እንኳ ሙሉውን አይናገርም ነበር።

ስለዚህ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ውስጥ ስልክ ተደውሎ አንዲት ሴት የባልቴቷን ቅድመ አያት ስም ስትጠይቀኝ ምን እንዳሰብኩ መገመት አያዳግትም።

ባልቴቷ እኔ የምረዳቸው ሴት ነበሩ። ሌክ ሜሪት ከሚባለው ሐይቅ አጠገብ አንድ አፓርትመንት ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። እኔም አያት ነኝ፤ እሳቸው ግን በሃያ ዓመት ይበልጡኛል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ጠዋት አጥባቸዋለሁ፣ ቁርስና መድኃኒታቸውን እሰጣቸዋለሁ፣ ፖስታቸውን ከታች አመጣለሁ። የተወለዱት አፓላቺያ በሚባል በምሥራቅ አሜሪካ ባለ ተራራማ አገር፣ የድንጋይ ከሰል በሚቆፈርበት ሸለቆ ነው። ከዚያ አገር የቀራቸው ቤተሰባቸው የተቀበረበት አንድ ጉብታ ብቻ ነበር። ሰው አይኖርበትም፤ ወረቀቱ ግን በስማቸው ነው። ከጉብታው ሌላ አንድ የጫማ ሣጥን ሙሉ ፎቶ አላቸው፤ በየፎቶው ጀርባ ስም ተጽፏል።

የደወለችው ሴት ጡረታ የወጣች አስተማሪ ነኝ አለች። የሸለቆውን ታሪክ ለመጽሐፍ እየሰበሰብኩ ነው፣ ባልቴቷም ሊረዱኝ ቃል ገብተውልኛል አለች። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር። ቀጥላ ግን "ጉብታው ላይ የተቀበሩት በየት በኩል ነው? ወሰኑ እስከ የት ይደርሳል?" አለችኝ።

ወሰን! ለታሪክ ወሰን ምን ያደርግለታል?

"ተኝተዋል" ብዬ ዘጋሁት።

ዘመኑም የሚያስጠረጥር ነበር። በሰፈሩ ባንክ የወሰዳቸው ቤቶች በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ ይታያል። አሮጊትና ሽማግሌ በስልክ እያባበሉ የሚያስፈርሙ ሰዎች በዝተዋል ይባላል። ከሳምንት በኋላ ከአስተማሪዋ ትልቅ ፖስታ መጣ። ሳልከፍተው ከፎቶው ሣጥን ጋር ክሎዜት በሚሉት የልብስ ማስቀመጫ ውስጥ፣ ከብርድ ልብሶቹ ሥር ከተትኩት። ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ ደወለች። ሁለቱንም ጊዜ "ተኝተዋል" አልኳት።

ባልቴቷ በየቀኑ "ሀኒ፣ አስተማሪዋ ደወለች?" ይሉኛል። "ሀኒ" ሰውን ሁሉ የሚጠሩበት ቃል ነው።

"አልደወለችም።"

ረመዳን ነበር። ጾሜን ይዤ ዋሸሁ። ለእሳቸው ብዬ ነው እያልኩ ልቤን አሳመንኩት። አንድ ቀን "ረስታኛለች ማለት ነው" አሉና መጠየቁን ተዉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳቸውን ግማሹን ይመልሱት ጀመር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጄ አብራኝ ልታፈጥር ከሳን ሆዜ መኪናዋን እየነዳች ባልቴቷ ቤት መጣች። ኮሌጅ ገብታለች፤ አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። ባልቴቷ ሳሎን ሬዲዮ እያዳመጡ ነበርና ወደ ክሎዜቱ ወስጄ ፖስታውን ሰጠኋት።

"ይህቺ ሌባ ምን እንደምትል አንብቢልኝ።"

አነበበች። ፊቷ ተለዋወጠ። "ኦ ማይ ጋድ፣ እማማ።"

"መሬቱን ፈለገች አይደል? አላልኩም?"

"ኖ! እሷ አይደለችም። ካምፓኒ ነው።"

አስተማሪዋ ለመጽሐፏ ስትጠይቅ ደርሳበት ነው የጻፈችው፤ አንድ የከሰል ካምፓኒ ተራራውን ከላይ እየናደ ከሰሉን ሊያወጣ ነው። ጉብታው ያለው መሐል ላይ ነው። መቃብሩ እንዳይነካ፣ ማን ማን እንደተቀበረበትና ወሰኑ እስከ የት እንደሆነ ተጽፎ ለመንግሥት ቢሮ መድረስ አለበት። ያልተቆጠረ መቃብር እንደሌለ ይታለፋል። የመጨረሻው ቀን መጪው ዓርብ ነበር።

"ደበቅሽው? ዋይ?"

"ወሰን ጠየቀቻ!"

"አንቺ እኮ ሁለተኛ ክፍል ኤ ሳመጣ 'አስተማሪዋ ከእኛ ምን ፈልጋ ነው?' ያልሽ ሰው ነሽ።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ዛሬ ደረሰ በያቸው። ኢትስ ፋይን። አያውቁም" አለችኝ።

ምክሯን ልቀበል ቃጥቶኝ ነበር፤ አልዋሽም። ግን ያንን የአባቴን ማሳ የወሰደ ሰውዬ ዕድሜዬን ሙሉ ስረግመው ኖሬ እኔ የሰው መቃብር አስፈርሼ ዝም ልል ነው? ሣጥኑንና ፖስታውን ይዤ ሄጄ ባልቴቷ ጉልበት ላይ አስቀመጥኩ።

"ሦስት ጊዜ ደውላለች። ሦስቱንም ጊዜ ተኝተዋል አልኩ" አልኳቸው።

ሬዲዮውን አጠፉ። "ቀን ተኝቼ አይተሽኝ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"እኔ ላይ ማን ሾመሽ?"

የልጅ ልጄ ደብዳቤውን አነበበችላቸው፤ እኔ ደግሞ የአባቴን ነገር ነገርኳቸው። እጃቸውን ሣጥኑ ላይ ጭነው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"እኛ ዘንድ የመጣው እንግዳ ኬክ ነው የበላው" አሉ በመጨረሻ። "አያቴን ሲያሞግስ ዋለና፣ ከመሬቱ ሥር ያለውን ከሰል አስፈርሞ ሄደ። ዛሬ የመጣብን ያ ፊርማ ነው።" ቀጥለውም "ስልኩን አምጪ። ይቅር ግን አላልኩሽም" አሉኝ።

አስተማሪዋ ወዲያው አነሳችው። ስሞቹን ከማንበቤ በፊት ግን አንድ ነገር ቀረኝ። "መጀመሪያ አንቺ የራስሽን ቁጠሪ። አባትሽ፣ አያትሽ፣ እስከ ሰባት" አልኳት። የልጅ ልጄ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። አስተማሪዋ ሳቀች፤ ቆጠረችም። አምስት ላይ ቆመች። ሁለት ጎደላት፤ ለአሜሪካ ሰው ብዬ አለፍኳት።

ከዚያ ጀመርን። የእንግሊዝኛ ፊደል አውቃለሁ፤ ቃሉን አንድ ላይ መጥራት ነው የሚያቅተኝ። ስለዚህ ከየፎቶው ጀርባ ፊደል በፊደል ለቀምኩላት። ባልቴቷ ዓይናቸውን ጨፍነው "ይህ ከዛፉ ሥር ነው፤ ይህቺ ከአጥሩ በኩል ናት" ይላሉ። አሥራ አንድ ሆኑ።

"አንዲት ደግሞ አለች" አሉ። "ምንም ያልተጻፈባት ትንሽ ድንጋይ። እህቴ ናት። በሦስተኛ ቀኗ ሞተች፤ ስም አልወጣላትም።"

አስተማሪዋ አመነታች። "ስም ከሌላት ቢሮው ላይቀበል ይችላል። ቅጹን እንዳይመልሱብን አሥራ አንዱን ብንልክ ይሻላል" አለች።

"የምን አሥራ አንድ?" አልኩ። "ስም ባይወጣላትም አባት አላት። በእኛ አገር ሰው ሲጠራ ከስሙ ቀጥሎ የሚመጣው የአባቱ ስም ነው፤ የፊተኛው ቢጎድል የኋለኛው አለ። የእገሌ ልጅ ብለሽ ጻፊ። በደብዳቤሽ ያልተቆጠረ ይታለፋል ያልሽው አንቺ አይደለሽም?"

ባልቴቷ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ከእጄ ወሰዱና የአባታቸውን ስም ራሳቸው፣ እንደ እኔ ፊደል በፊደል፣ ነገሯት።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከቢሮው ካርታ መጣ። ካምፓኒው በሌላኛው ጎን መቆፈሩን አልተወም፤ በጉብታው ዙሪያ ግን መስመር ተሰምሯል፣ በውስጡ ለየመቃብሩ አንድ አንድ ነጥብ አለ። ባልቴቷ "ስንት ነው?" አሉኝ። የመንግሥት ወረቀት ነውና በጣቴ እየነካሁ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ።

"አሥራ ሁለት" አልኳቸው።

"ድገሚው" አሉኝ። ደገምኩት። የልጅ ልጄን ኮፒ አስደርጊልኝ ብዬ አንዱን ለራሴ አስቀረሁ። እስካሁን ቤቴ፣ ከብርድ ልብስ ሥር ነው።