ሲበርድ የሚበራው አምፖል

ዛሬ አመሻሽ ላይ፣ በቆቦ ሜዳ በእግር ኳሱ ጨዋታ መሀል መብራቱ ድርግም ብሎ ጠፋና ወዲያው ቦግ አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። የድሮዎቹን ትልልቅ አምፖሎች አውርዶ እነዚህን ኤልኢዲዎች የሰቀለው ልጅ ወደ እኔ ዞሮ «አየሽ እትዬ፣ መጠበቅ ድሮ ቀረ!» አለኝ። እንደ ሐኪም ቤት ግድግዳ የነጣ ብርሃን ነው፤ ጠላሁት።

ልጅ ሳለሁ የእንግዳው ቡድን ተከላካይ የወንድሜን እግር የሰበረ ዕለትም መብራት ጠፍቶ ነበር። ፀሐይ ያጋለችውን ድንጋይ አንስቼ፣ ሲበራ ግንባሩን ልለው ቆምሁ። የሜዳው ጠባቂ አያ ሙሄ በጨለማው እጄን አፈፍ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ይኼ አምፖል አንዴ ከጠፋ ትኩስ እንዳለ አይበራም፤ ሲበርድ ነው። አንቺም እስኪበርድልሽ ቁጭ በይ።»

እጄን ሳይለቁ አብረውኝ ተቀመጡ። ፎጣቸው ላብና አቧራ ይሸታል። ከሩብ ሰዓት በኋላ አምፖሉ እያጉረመረመ፣ ከሐምራዊ ቀስ እያለ ነጣ። ተከላካዩ ግን ወደ ዋጃ በሚሄድ መኪና ተሳፍሮ ሄዷል። ድንጋዩ መዳፌ ውስጥ ቀዝቅዟል፤ ለእኔ ግን አልበረደልኝም። ወንድሜ ዛሬም ያነክሳል። አያ ሙሄንም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለዚያች ሩብ ሰዓት ይቅር አላልኋቸውም።

ያ ተከላካይ ዛሬ አሠልጣኝ ሆኖ መጥቷል። ከፊቴ ቆሞ ይስቃል፤ መብራቱ ጠፍቶ ሲመለስ ሳቁን እንኳ አላቋረጠም።

እጄን የያዘኝ የለም። ጎንበስ አልሁ።