ከግቢያችን ያልወጣው ነጭ ዱቄት

ታላቅ እኅቴ እትዬ ከድጃ በክረምቱ መግቢያ ጅሬን ወዳለው ቤቴ ስትመጣ በአንድ እጇ እንቁላል የሞላ ዘንቢል፣ በሌላው ዝገት የበላው ጣሳ ይዛ ነበር። ጣሳው በቾ ቦሬ ሰፈር ያለው የአባታችን የቡና መጋዘን ሲፈርስ ከግድግዳው ጭቃ መካከል የተገኘ ነው። ክዳኑን በቢላ ጫፍ ፈልቅቄ ስከፍተው ከሥሩ የቀረው ነጭ ዱቄት እንደ ኖራ ጠጥሯል፤ ሽታው ግን፣ ያ መረር ብሎ ወደ ጣፋጭነት የሚያዘነብለው ሽታ፣ እንዳለ ነበር። ዕድሜዬን በአፈር ኬሚስትሪ የፈጀሁ ሰው ነኝና እንዲህ ያለ ነገር ወደ አፍንጫ እንደማይቀርብ ለስንት ተማሪ ተናግሬአለሁ። እኔ ግን አቀረብሁት።

የወባ ሠራተኞች ቤት ሊረጩ የሚመጡበት ቀን ለእኛ ለልጆቹ ከበዓል አያንስም ነበር፤ የቤቱ ዕቃ በሙሉ ወደ ግቢ ይወጣና የአባቴ አልጋ ከሙዙ ሥር ይዘረጋል፣ የእናቴ ሳጥን ጎመኑ መካከል ይቀመጣል፣ የግድግዳው መስተዋት ዘይቱናውን ተደግፎ ሰማይ ሲያሳይ አውራ ዶሮው በውስጡ ካየው ባላንጣ ጋር እስኪደክመው ይዋጋል። ከየቡ ከተማ ዙሪያ ገበሬዎች ቡና እየገዛ የሚነግደው አባቴ ሠራተኞቹን ማርና ቂጣ ሳያቀምስ አይሸኝም፤ እነርሱም ውለታውን በልተው ዝም አይሉም፤ ከሚረጩት ዲዲቲ የተረፈውን በዚህ ጣሳ ሞልተውለት ይሄዳሉ።

ያ ጣሳ የቤታችን ኩራት ነበር። ትኋን ያስመረረው፣ በቆሎውን ነቀዝ የፈጀበት፣ ጉንዳን የገባበት ጎረቤት ሁሉ ሲኒውን ይዞ ይመጣል፤ እሳትና ጨው የነሣ ቤት እንደሚወቀስ ሁሉ እናቴም ዱቄቱን መንሣት ነውር መስሎ ይታያት ስለ ነበር፣ «ቢስሚላህ» ብላ ሳትሰስት ትሰፍራለች። የዒድ ዋዜማ ደግሞ ቅማል እንዳይኖር የሁላችንንም ራስ በዚያው ዱቄት ታሸዋለች። ከድጃ ነጭ ራሷን ይዛ፣ ወገቧን አጉብጣ፣ የሸንኮራ አገዳ እየተመረኮዘች ወደ እኔ ትመጣና «ሐጂ! ዱዓ ያድርጉልኝ!» ትለኛለች፤ እኔም በተራዬ ነጩን ራሴን እየነቀነቅሁ እጄን ዘርግቼ እመርቃታለሁ። እናታችን በሳቅ ፈርሳ ታልቅ ነበር።

አዲስ ቡና ከመግባቱ በፊት በየዓመቱ የመጋዘኑ ወለል ይፋቃል። ነቀዝና ጉንዳን እንዳይደርስ ዱቄቱ ሲነሰነስበት የከረመው ያ አፈር ወደ ጓሮ ይጣል ነበር፤ ጥራጊ መሬት ያፋፋል ይባላልና። ጎመናችን በእርግጥም ያማረ ነበር፤ ዶሮዎቻችንም ከዚያ ስፍራ ምንቃራቸውን አያነሡም።

ካደግሁና ከተማርሁ በኋላ ከዚያ ጓሮ አንድ እፍኝ አፈር ዘግኜ፣ የማን መሆኑን ሳልጽፍበት፣ ከሌሎች ናሙናዎች ጋር መረመርሁት። ውስጡ የተገኘውን ስጠረጥር ኖሬአለሁ። ያ ዱቄት ክሎሪኑ ከካርቦኑ ጋር የተሳሰረበት ጽናት የአፈር ተሕዋስያን በቀላሉ የማይፈቱት ነው፤ በውሃ አይሟሟምና ዝናብ አያጥበውም፤ ስብ ግን ይወዳል። ከአፈር ወደ ዶሮ፣ ከዶሮ ወደ እንቁላል አስኳል፣ ከዚያም ወደ እናት ጡት ያልፋል። አባቴ በሕይወት ነበርና «ለሰፈሩ ያካፈልኸው በረከት መርዝ ነበር» የምልበት አንደበት አጣሁ። እርሱ ሲሞት እናቴ ነበረች። እርሷም ስታልፍ ዝምታው ልማድ ሆነ።

እኔ ግን በዚያው ግቢ የቀረችው እኅቴ የምታመጣውን እንቁላል አልበላም ነበር። ባመጣች ቁጥር ሐኪም ከልክሎኛል እላታለሁ፤ እርሷም ታዝንልኛለች፤ መልሳም ወስዳ ለልጆቿ፣ በኋላም ለልጅ ልጆቿ ትቀቅላለች።

የዚያን ቀን ጣሳውን ከእጄ ተቀብላ ዘንቢሉን አነሣች። «በል ልሂድ፤ ይሄ ለሰሚራ ነው። የልጅ ልጄ አራስ መሆኗን ረሳህ እንዴ? አንተማ ሐኪምህ አይፈቅድልህ!»

«እትዬ፣ ቁጭ በይ» አልኋት።

ነገርኋት። ስጨርስ አንዱን እንቁላል አንሥታ በመዳፏ ይዛ አየችው።

«ሐኪም ያልኸኝ ይሄ ነው?»

«አዎ።»

«ስንት ዘመን፣ ያ ረቢ! እኔ እኮ ላንተ ጤና ዱዓ ሳደርግ ነው የኖርሁት።» ዘንቢሉን እዚያው ትታልኝ ወጣች።

ለሳምንታት ስልኬን አላነሣችም። ኋላ ሰሚራ ደውላ ዶሮዎቹ እንደታረዱና አፈሩም እዚያው ጉድጓድ ተቆፍሮ እንደተቀበረ፣ ጓሮው ሲሚንቶ ሊለብስ መሆኑን ነገረችኝ፤ ሄድሁ። እኅቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሠራተኞቹን ታያለች። አጠገቧ ስቀመጥ ዓይኗን ከእነርሱ አላነሣችም። ሙዙ ተቆርጧል፤ ዘይቱናውም የለም፤ መስተዋቱ ተደግፎት ሰማይ ያሳይ በነበረበት ስፍራ ግራጫ ጭቃ እየተነጠፈ ነበር። ከዚያ ሁሉ ቤት፣ ከዚያ ሁሉ ሰው፣ ሳይፈርስና ሳይበሰብስ የቀረው ዱቄቱ ብቻ መሆኑን አሰብሁ፤ አሁን እርሱም ከዓይናችን ተሸሸገ፤ ከእንግዲህ በዚህ ግቢ ዝናብ ሲወርድ አፈር አይሸትም።

አንዱ ሠራተኛ የሲሚንቶ ከረጢት ሲያራግፍ ነፋሱ ብናኙን በላያችን ነዛው። ከድጃ ሻሿን አራገፈችና ዘወር ብላ ራሴን አየች፤ ዱቄት ሳያስፈልገው የነጣ ራሴን። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ያቺን የልጅነት ቃል ትለኛለች ብዬ፣ እጄን ለምርቃት ለመዘርጋት ተዘጋጅቼ ጠበቅሁ።

«ስትነሣ ተጠንቀቅ» አለችኝ። «ገና አልደረቀም፤ እንዳትረግጠው።»