አብዱልጀሊል ለአዝማሪው የሰጡት ግጥም

ዐዚዛ ኮንሰርት የምትሄደው እንደ ሌላው ሰው ልትዝናና አይደለም። እኔ ጽጌሬዳ ከልጅነት ጀምሮ አብሬያት ስላደግኩ፣ ሁልጊዜም የምትጎትተው እኔን ስለሆነ፣ ይህን ለመናገር መብት አለኝ። ቅዳሜ ገበያ ያለውን የነጠላና የቀሚስ ሱቋን በጊዜ ትዘጋለች፣ ሻሿን ታስተካክላለች፣ ከዚያ የእኔን በር ትደበድባለች። «ተነሺ እንጂ! ሊጀምርብን ነው!» ስልሳን ያለፈች ሴት ናት፤ ጉልበቷን ያማታል። ሱቋ ውስጥ አንድ ነጠላ ከላይኛው መደርደሪያ ለማውረድ ጎረቤት የምትጠራ ሰው፣ አዳራሽ ሲሆን ደረጃውን ከእኔ ቀድማ ትወጣዋለች።

ደግሞ የምትወደው ማንኛውንም ኮንሰርት አይደለም። የድሮ ዘፋኞች የሚታወሱበትን ብቻ ነው፤ አንድ ወጣት መድረክ ላይ ቆሞ የሞተ ሰው ዘፈን የሚዘፍንበትን። እኔ መጀመሪያ ላይ ይህ ነገር አይገባኝም ነበር። የሰውየው ካሴት ቤት ውስጥ እያለ፣ የልጅ ልጁ የሚሆን ልጅ ኮፍያውን ደፍቶ፣ አቋቋሙን አስመስሎ ሲውረገረግ ማየት ምን ይባላል? «አንቺ፣ ኮፍያ ለማየት ነው ከቤቴ የምታስወጪኝ?» እላታለሁ። እሷ ግን ቀድማኝ ወጥታለች። ማክሰኝት ድንኳን ውስጥ ወደተዘጋጀው ሄደናል፤ መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ ደባርቅም ሄደናል። ያን ጊዜ መንገድ ላይ የአውቶብሱ ጎማ ፈንድቶ ስንደርስ ዝግጅቱ ሊያልቅ ነበር። እኔ ስነጫነጭ እሷ የቀረውን አንድ ዘፈን ቆማ ሰማች፤ ከዚያ ተመለሰች።

የምትጠብቀው አንድ ነገር ነበራት። ምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ያደግነው ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሰፈር ነው፤ በአንድ አጥር ተለያይተን። አጥር ማለትም ለስሙ ነው፤ ቀዳዳው ከእንጨቱ ይበዛ ነበር። የእነሱ ረመዳንና የእኛ ፋሲካ ለሁለታችንም ነበር። አባቷ አባባ አብዱልጀሊል አራዳ ላይ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። ከሱቁ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊዎች ተደርድረው መኪናቸውን ሲረግጡ፣ እኛ ከእግራቸው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ እንለቅማለን፣ ቅልልቦሽ እንጫወታለን። አዲስ አቡጀዲ ሲፈታ የሚሸተው ሽታ እስካሁን ድረስ አፍንጫዬ ላይ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የሻው ይመጣል።

የሻው ያን ጊዜ ስም ያልወጣለት ወጣት አዝማሪ ነበር። ማሲንቆውን በትከሻው አንጠልጥሎ ይመጣና በረንዳው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። በእኛ አገር አዝማሪ ፊት ያለ ሰው ግጥም ይሰጣል፤ «ተቀበል» ብሎ ሁለት ስንኝ ይናገራል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል። አባባ አብዱልጀሊል በሥራ ሰዓት ኮስታራ ነጋዴ ነበሩ፤ የሻው ሲመጣ ግን ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ግጥም ሲሰጡ ደንበኛቸውን ይረሳሉ። አንድ ሕግ ግን ነበራቸው። ግጥም አንዴ ከተሰጠ የአዝማሪው ነው፣ ሰጪው መልሶ አያዜመውም። እንደ ተሸጠ ጨርቅ ያዩት ነበር።

አንድ ቅዳሜ የሻው ተጫውቶ ሲነሣ እኔና ዐዚዛ ተከተልነው። የሚሄደው ወደ ላይ አርማጭሆ፣ ወደ ትክል ድንጋይ በሚወስደው መንገድ፣ ሠርግ ቤት ነበር። እየሄደ ይጫወታል፤ እኛ ኋላ ኋላው። እኔ ሆዴን ስለምወድ የምሳ ሰዓት ሲደርስ ተመለስኩ። ዐዚዛ አልተመለሰችም።

እንደዚያን ቀን ጎንደር በአንድ ሰው ስም ስትናወጥ አላየሁም። አባባ አብዱልጀሊል ሱቁን ክፍት ጥለው ወጡ። አራዳን ዞሩ፣ ግንቡን ዞሩ፣ ቀሓ ወንዝ ድረስ ወረዱ። «ዐዚዛ! ዐዚዛ!» የሚለው ድምፃቸው አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች ይሰማል። እኔ «አዝማሪውን ተከትላ ነው የሄደችው» እያልኩ የትልቅ ሰው ቀሚስ ሁሉ ጎተትኩ፤ «አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ!» ተባልኩ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። የሻው ልጅቷን ያያት ቤቶቹ አልቀው ማሳ ሲጀምር ነበር። ሠርጉን ትቶ፣ እሷን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ያን ሁሉ መንገድ ተመለሰ።

በረንዳው ላይ ሰው ተሰብስቦ ነበር። አባባ አብዱልጀሊል ልጃቸውን ተቀብለው አቀፏት፤ ከዚያ ወደ የሻው ዞሩ። ሁላችንም ስድብ ጠበቅን። እሳቸው ግን ድምፃቸው ጨርሶ ስለጠፋ ጠጋ ብለው አፋቸውን ጆሮው ላይ አደረጉ። የሻው ሰማ፣ ማሲንቆውን አወጣ፣ እንዲህ አለ፦

ዐዚዛ ዐዚዛ፣ ድምፄ ሰለለብኝ፣
እንግዲህ አገሩ፣ ልጄን ይጥራልኝ።

ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን አቁመው አለቀሱ። እኔም ምኑም ሳይገባኝ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ የሻው በሱቁ በኩል ባለፈ ቁጥር ያንን ሳይል አያልፍም፤ ዐዚዛም ከየትም ቦታ ሮጣ ትመጣለች።

ዓመታት ሄዱ። አባባ አብዱልጀሊል ሞቱ፤ ሱቁ በእሳት ሲወድም ፎቶግራፎቻቸውም አብረው ነደዱ። የሻው አዲስ አበባ ገብቶ ከባንድ ጋር መዝፈን ጀመረ፣ ታዋቂ ሆነ፣ ካሴት አወጣ። ዐዚዛ ካሴቶቹን አንድ በአንድ ገዝታ ሰማች። ያቺ ግጥም የትኛውም ላይ የለችም። በመጨረሻ የሻውም ሞተ። እንግዲህ ከአባቷ የቀሯት እነዚያ ሁለት ስንኞች ብቻ ናቸው፤ ፊታቸውን የሚያሳይ ወረቀት የለ፣ ድምፃቸውን የያዘ የካሴት ክር የለ። «ለምን ለልጆችሽ አትያትም?» ስላት «የእኔ አይደለችም፤ አባቴ ለአዝማሪ ሰጥቷታል፣ አዝማሪ ነው የሚላት» ትለኛለች። አንድ ቀን ግን፣ ከአንዱ ኮንሰርት ስንመለስ፣ መንገድ ላይ ቆም ብላ «ጽጌ፣ እኔ ስሞት ግጥሟም አብራኝ ልትቀበር ነው» አለችኝ። ያን ጊዜ በኮፍያ መቀለዴን ተውኩ።

ባለፈው ጥር የሻው የሚታወስበት ዝግጅት በራሱ በጎንደር ሊደረግ ነው ተባለ። ዐዚዛ ወሬውን ከሰማች ጀምሮ ቀን ትቆጥር ጀመር። አሁን አሁን ሁሉም በጊዜ ቤቱ መግባት ስለሚፈልግ ዝግጅቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ጥምቀት ገና ማለፉ ስለነበር ከገጠር የመጣው እንግዳ አልተመለሰም፤ ከኋላችን ያሉት ወንበሮች ከላይ አርማጭሆ በመጡ ሰዎች ተሞልተዋል። እኛ እንደ ልማዷ ከፊት ተቀመጥን።

ማሩ የሚባል ሃያ ምናምን ዓመት የሆነው ልጅ ወጣ። ኮፍያ አድርጓል። ልስቅ ስል ማሲንቆው ብቻውን ጀመረ፣ ልጁም አፉን ከፈተ።

ወይ ጉድ! እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም።  የሻው ራሱ ነው፤ ያ ከታች ተነሥቶ ጉሮሮ ላይ የሚሰበረው ድምፅ፣ ያ ስንኝ ጨርሶ ትንፋሹን የሚስብበት መንገድ። ዓይኔን ስጨፍን በረንዳው መጣ። የመኪናዎቹ ኳኳታ፣ የአባባ አብዱልጀሊል መቀስ፣ ከመስጊዱ የሚሰማው አዛን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ የሚመልሰው ደወል፣ እናቴ በአጥሩ ቀዳዳ ስትጠራኝ። ያቺ ጎንደር ሞታለች ብዬ ከተውኳት ስንት ዘመኔ! የሰው ድምፅ ምን ዓይነት ነገር ነው? ባለቤቱ አፈር ውስጥ ነው፤ ድምፁ ግን ካልተወለደ ልጅ ጉሮሮ ገብቶ ዘመኑን ጠብቆ ይወጣል። እግዚአብሔር ይህን ሲሠራ ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ።

ዐዚዛ ግን አላለቀሰችም፣ አላጨበጨበችምም። አፉን አፉን ታያለች። አንዱ ዘፈን ያልቃል፣ ሌላው ይጀመራል፤ የእሷ የለም። ማሩ «አሁን የመጨረሻውን ላሰማችሁ» ሲል እጇ ከእጄ ውስጥ ወጣ። የቀሚሷን ጫፍ ልይዝ ብልም አልደረስኩባትም።

መቼም በእኛ ዘንድ ወደ መድረክ የሚሄድ ሰው ዘፋኙን ሊሸልም ነው የሚሄደው። ማሩም ፈገግ ብሎ ጎንበስ አለና ብር እንድትለጥፍበት ግንባሩን ሰጣት። እሷ ባዶ እጇን ናት። ልጁ ግንባሩን እንደሰጠ፣ እሷም እንደቆመች፣ ሰው ማጉረምረም ጀመረ፤ ወንበሬ ሥር ብገባ ደስ ባለኝ። ከዚያ ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ጎን አዞረችና አፏን ጆሮው ላይ አደረገች።

ካሴት ሰምቶ ያደገ ልጅ፣ ግጥም ከሰው ተቀብሎ አያውቅም። «እማማ፣ ታዲያ እኔ ምን ላድርገው?» አለ፤ ማይክሮፎኑ አፉ ላይ ስለነበር አዳራሹ ሁሉ ሰማ።

«ተቀበለኛ!» አለችው ዐዚዛ። «የየሻው ናት። በላት!»

ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። ማሲንቆ መቺው ግን በዕድሜ ጠና ያለ ነበርና ነገሩ ገብቶት ቅኝቱን ቀየረ። ማሩ ዓይኑን ጨፈነ። «ዐዚዛ ዐዚዛ፣ ድምፄ ሰለለብኝ» አለ።

ሁለተኛውን ስንኝ ግን ቀደሙት። ከኋላችን፣ ከአርማጭሆዎቹ ወንበር፣ የሴቶች ድምፅ በአንድ ላይ ተነሣ፦ «እንግዲህ አገሩ፣ ልጄን ይጥራልኝ!»

ማሩ ማይክሮፎኑን ዝቅ አደረገ። ዐዚዛ ዞረች። ሴቶቹ ግን ማንንም አልጠበቁም፤ እልልታውን አቅልጠው ደገሙት፣ አሁን ደግሞ «ሚስጥሬ ሚስጥሬ» እያሉ። አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ ቆመ። ያቺን ስንኝ፣ ሁለት አሮጊቶች ብቻ እናውቃታለን ያልናትን ስንኝ፣ እነዚያ ሴቶች እንደ እጃቸው መዳፍ ያውቋታል። ሰው ሁሉ ቆሞ እኔ ተቀመጥኩ።

ዐዚዛ ከመድረኩ ሥር ተመልሳ መጣች። «ጽጌ፣ ማን ነገራቸው?»

«እኔ አልነገርኩም! ማርያምን!»

«ታዲያ የእኔን ስም አውጥተው የማንን ነው የሚያስገቡት?» አለች። የተናደደችም የምታለቅስም መሰለኝ።

ሰዉ ሲወጣ በሩ ላይ ጠበቀቻቸው። ቀድማ የዘፈነችው የትነበርሽ የምትባል የትክል ድንጋይ ሴት ናት፤ እዚህ ዩኒቨርሲቲ የምትማረውን ልጇን ሚስጥርን ልትጠይቅ መጥታ ነው። ሚስጥር ለሚያዝያ ልትዳር ነው።

«እስቲ ንገሪኝ» አለቻት ዐዚዛ። «ያቺን ግጥም ከየት አመጣችኋት?»

«ምነው እትዬ? የእኛ የሠርግ ዘፈን እኮ ነው! ሙሽራ ከቤት ስትወጣ እናትየዋ ናት የምትለው። እኔ ስዳር እናቴ ብላልኛለች፤ ለእሷም ተብሎላታል አሉ። ሸጋ ነው፤ ሰው አያለቅስ አይምሰልዎ።»

«ማን አስተማራችሁ?»

«የሻው ነዋ! ስሙ ሳይወጣ በፊት እኛ አገር ያልዘፈነበት ሠርግ የለም። ለሱ ብለን አይደል የመጣነ?»

ዐዚዛ ጠጋ አለች። «ታዲያ ስሙን ለምን ቀየራችሁት?»

«ኧረ አልቀየርነውም!» አለች የትነበርሽ፣ እንደ መቆጣት ብላ። «የልጃችንን ስም የምንለው ሁለተኛ ነው። መጀመሪያ ዐዚዛ ትጠራለች። እሷን ሳይጠሩ የራስን ልጅ መጥራት ነውር ነው፤ የሻው እንዲያ ብሎ ነው የሰጠን አሉ።»

«ዐዚዛ ማን ናት?»

«እኛስ መች አየናት! ጠፍታ አባቷ ድምጡ እስኪሰልል የፈለጋት የጎንደር ልጅ ናት ይላሉ። ‹እናንተ ጥሩልኝ› ብሎ ለምኗል አሉ። ታዲያ እንጠራታለን፤ በየሠርጉ።»

ዐዚዛ የሴትዮዋን ክንድ ያዘች። እኔ ደግሞ አፌን መያዝ አልተፈጠረብኝም። «ይቺ ናት» አልኩ።

የትነበርሽ መጀመሪያ እኔን አየች፤ ቀጥሎ ዐዚዛን ከሻሿ እስከ ጫማዋ አየቻት። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ዞር ብላ፣ መንገደኛ ሁሉ እስኪያየን ድረስ ጮኸች። «ሚስጥር! አንቺ ሚስጥር! ነይ ቶሎ! ዐዚዛ ተገኘች፣ ነይ ጉልበት ሳሚ!»

ልጅቱ ሮጣ መጥታ ጎንበስ አለች። የቀሩትም ሴቶች «ዐዚዛ? ዐዚዛ?» እየተባባሉ ከበቡን።

ዐዚዛ ልጅቱን በሁለት እጇ ቀና አደረገቻት። ዕንባዋ በጉንጯ ላይ እየወረደ ፊቷን የአባቷ ሱቅ ወደነበረበት ወደ አራዳ መለሰችና «አቤት» አለች።