ለስላሳው አባራሪ

የፋብሪካችን የሰው ኃይል ኃላፊ «ተባረሃል» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። እሱ ዘንድ ሰው የሚባረረው በእንግሊዝኛ ነው። ከረባቱን እስከ ጉሮሮው አጥብቆ፣ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አነባብሮ፣ ሽልማት ሊሰጥ የጠራህ ይመስል ፈገግ ይልልሃል።

ባለፈው ሳምንት ወረቀት ላስፈርም ቢሮው ስገባ አንዲት ልብስ ሰፊ ፊቱ ቆማ ነበር።

«እህቴ፣ ውልሽ ኤክስፓየር አድርጓል» አላት።

«ተባረርኩ ማለት ነው ጋሼ?»

«ኧረ በፍጹም! እሱማ ተርሚኔት ነው፤ ተርሚኔት ቁጣ አለበት። ኢንድ የፊልም ነው፣ ፊኒሽ የሩጫ። ያንቺ ኤክስፓየር ነው፤ ማንም ሳይነካው በራሱ ጊዜ የሚያልቅ።»

«እንደ መድኃኒት?»

«ጎበዝ! እንደ መድኃኒት።»

«እንግዲያው ነገ ልምጣ?»

«እሱ እንኳ አይቻልም» አላት፣ ፈገግታው ሳይጠፋ።

ሴትየዋ የሥራ ሽርጧን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችለትና ወጣች። እሱም ልጅ እንደሚያስተኛ አባት ቀስ ብሎ አጣጠፈው።

ምሳ ሰዓት ላይ ሳህኑን ይዞ ወደ ሠራተኞቹ ጠረጴዛ መጣ። ሁልጊዜም ይመጣል። «መቀመጥ ይቻላል?» ሲል ድምፁ የቢሮው ድምፅ አይደለም፤ ይለማመጣል። የልብስ ሰፊዋ ጓደኞች ገና ያልተጋመሰ ምግባቸውን አንስተው ብድግ አሉ።

«እኛ በልተን ጨርሰናል» አለችው አንዷ።

እሱ ባዶዎቹ ወንበሮች መሃል ተቀመጠ። ምግቡን ከመንካቱ በፊት ግን ከጎኑ ያለውን ወንበር፣ ለሚመጣ ሰው እንዲመች፣ ሳብ አደረገው።