እየተሸነፉ ሱፍ መቆርጠም

የቤዝቦል ቡድናችን ትናንት ተሸነፈ፤ ዛሬም እየተመራ ነው። ሰመሩን፣ ሐምሌ ነሐሴን ሙሉ ሲያሸንፍ ከርሞ መስከረም ሲጠባ እንዲህ መልፈስፈስ ምን ይባላል? ተናድጄ ቲቪውን ላጠፋ ስል እናቴ ኪችን የምትቆላው ሱፍ ሸተተኝና ወደ ዘጠኝ ዓመቴ መለሰኝ።

ያኔ ከትምህርት ቤት ስወጣ እናቴን የምጠብቃት የሐበሻ ሱቆች በበዙበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ በእትዬ ዘነበች ሱቅ ነበር። እትዬ ሱፍ ቆልተው በላስቲክ እያሸጉ ይሸጣሉ። ድራማቸውን ትተው ቤዝቦል እንዳይ ፈቅደውልኝ ነበር፤ አንድ ቀን ግን አስጠነቀቁኝ።

"ዛሬም ከተሸነፉ ከነገ ጀምሮ ቲቪው የኔ ነው፣ ኦኬ?"

ቡድናችን እየተመራ ሳለ ካሜራው ተራቸውን የሚጠብቁትን ተጫዋቾች አሳየ። እየቆረጠሙ ገለባውን መሬት ላይ ይተፋሉ።

"ምንድን ነው የሚበሉት?" አሉ እትዬ።

"ሱፍ ነው።"

"ሱፍ? እየተሸነፉ?" ማሸጉን ትተው ብድግ አሉ። "እናት የላቸውም እንዴ? ይሄ ሁሉ ሕዝብ በንዴት ሊሞት ነው፣ እነሱ ይቆረጥማሉ! ደግሞ መሬት ላይ! ማን ሊጠርግላቸው ነው?"

ያው ተሸነፍን። እትዬ ሪሞቱን ሲያነሱ እንባዬ መጣ። ቲቪውን አጠፉና ዞር ብለው አዩኝ።

"ነገ ስንት ሰዓት ነው የሚጫወቱት? ገና ተናግሬያቸው አልጨረስኩም።"

ሶ፣ እኔም ዛሬ ቲቪውን አላጠፋሁትም። እናቴ ትኩሱን ሱፍ በሳህን አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠችልኝ። ካሜራው እንደያኔው ተራቸውን ወደሚጠብቁት ዞረ፤ አሁንም ይቆረጥማሉ!

"እናት የላችሁም እንዴ?" ብዬ ጮህኩባቸው፣ አፌ ሱፍ እንደ ሞላ።